ሳይነግሥ የቀረው ንጉሥና አሥራ ሦስቱ የፊንላንድ ፕሬዚዳንቶች

ኦክቶበር 9 ቀን 1918 የፊንላንድ ፓርላማ ንጉሥ መረጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) የተመረጠው የሄሰኑ ልዑል ፍሬድሪክ ካርል ሲሆን የጀርመኑ ቄሣር የዳግማዊ ቪልሄልም እኅት ባል ነበር። ፊንላንድ ከሩሲያ ተላቅቃ ነፃነቷን ካወጀች ገና ዓመት አልሞላትም። በዚያው 1918 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ሕዝቡ «ቀይ» (ሶሻሊስት) እና «ነጭ» (ፀረ ሶሻሊስት) ተባብሎ እርስ በርሱ ተዋግቶ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ድል ያደረጉት ነጮች የጀርመን ጦር ረድቷቸው ስለነበር ከጀርመን ጋር የሚያስተሳስራቸው ዘውድ ፈለጉ። ነገር ግን ንጉሡ በተመረጠ በወሩ ጀርመን ተሸነፈች፤ ቄሣሩም አልጋውን ጥሎ ወደ ሆላንድ ሸሸ። ልዑሉ ዲሴምበር ላይ ዘውዱን እንደማይቀበል አስታወቀ። የፊንላንድን አፈር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይረግጥ ንግሥናው ተቋጨ።

ዘውዱ ቀረ እንጂ የዘውዱ ሥልጣን አልቀረም። በጁላይ 1919 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ንጉሥ ሲሹ የነበሩትንም ሪፐብሊክ ሲሹ የነበሩትንም ለማስታረቅ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ የውጭ ጉዳይን ይመራ፣ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ ይሆን፣ መንግሥት ይሾም፣ ፓርላማ ይበትን ነበር። በዚህ ወንበር ላይ እስከ ዛሬ አሥራ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የእነርሱን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ከሥልጣናቸው ይልቅ ዐይኔን የሚስበው ሸክማቸው ነው። ከኃያል ጎረቤት ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዋሰን ትንሽ አገር፣ ሁሉም በአንድነት ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጭናለች።

የመጀመሪያው ካርሎ ዩሆ ስቶልበርግ የሕግ ሊቅ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱን ካረቀቁት ዋነኛው እርሱ ነው። ጁላይ 25 ቀን 1919 በፓርላማ በተደረገው ምርጫ 143 ድምፅ ሲያገኝ፣ የነጮቹ ጦር አዛዥና በወቅቱ እንደራሴ ሆኖ አገሪቱን ይመራ የነበረው ጄኔራል ማነርሄይም ያገኘው 50 ብቻ ነው። ጦር የመራው ሰው በሕግ ሰው ተሸንፎ፣ ቤተ መንግሥቱን አስረክቦ ወጣ። በእርስ በርስ ጦርነት ማግስት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ ቀላል አይደለም። ስቶልበርግ በእስር ለነበሩት ቀዮች ምሕረት እያደረገ አብዛኞቹን ወደ ቤታቸው መለሰ፤ በ1925 ደግሞ ዳግመኛ አልወዳደርም ብሎ በፈቃዱ ለቀቀ። ቀኝ አክራሪዎች ግን ያን ምሕረት አልረሱለትም። በኦክቶበር 1930 እርሱንና ባለቤቱን ሄልሲንኪ ውስጥ አፍነው በመኪና ወደ ምሥራቁ ድንበር አቅጣጫ ወሰዷቸው፤ ዮኤንሱ ከተማ ሲደርሱ ለቀቋቸው። የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ታፍኖ መወሰዱ አገሩን በሙሉ አስደነገጠ፤ አክራሪዎቹም የሕዝቡን ድጋፍ ማጣት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ላውሪ ክሪስቲያን ሬላንደር የስድስት ዓመት ዘመኑን በጸጥታ ጨረሰ፤ በውጭ አገር ጉብኝቱ ብዛት መንገደኛ የሚል ቅጽል አትርፏል። ሦስተኛው ፔር ኤቪንድ ስቪንሁቩድ ግን ሌላ ሰው ነበር። በሩሲያ ዘመን ዳኛ ሳለ ሕገ ወጥ ያለውን ትእዛዝ አልቀበልም በማለቱ በ1914 ወደ ሳይቤሪያ ተግዟል፤ በ1917 ነፃነት ያወጀውን መንግሥት የመራውም እርሱ ነው። ወደ ወንበሩ የመጣው ቀኝ አክራሪዎቹ ደግፈውት ሲሆን በ1932 ማንቲሳላ ላይ መሣሪያ አንግበው ያመፁትም እነዚያው ደጋፊዎቹ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ሄደ። ተራው ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ቢመለስ እንደማይከሰስ፣ የሚጠየቁት መሪዎቹ ብቻ እንደሆኑ ነገራቸው፤ ሰዎቹም ተበተኑ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ አውሮፓ ላይ ስንት መንግሥት በእንዲህ ዓይነት ሰልፍ እንደወደቀ ለሚያስታውስ ሰው፣ የዚያች የሬዲዮ ንግግር ዋጋ ግልጽ ነው።

ኪዮስቲ ካሊዮ ከኒቫላ የመጣ ገበሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ግን አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1937 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ኖቬምበር 30 ቀን 1939 ሶቪየት ኅብረት ወረረች። የክረምት ጦርነት ተብሎ የሚታወቀው ውጊያ 105 ቀን ቆየ። ፊንላንድ ነፃነቷን ብታተርፍም ከምሥራቅ ግዛቷ ከካሬሊያ ብዙውን አጣች፤ ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ወጣ። ካሊዮ የሰላሙን ውል የማስፈረሚያ ሥልጣን ሲሰጥ፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚፈርም እጅ ይድረቅ ብሎ መራገሙ ይነገራል። በኦገስት 1940 በሽታ ጥሎት ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ። ሥልጣኑን ለቅቆ ዲሴምበር 19 ቀን 1940 ወደ እርሻው ሊመለስ ሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ ደረሰ፤ የክብር ዘቡ ተሰልፎ እየሸኘው ሳለ ወድቆ ሞተ። ፊንላንዳውያን ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ይነግራሉ።

በእኔ ሚዛን ግን ከአሥራ ሦስቱ ሁሉ ከባዱን ሸክም የተሸከመው አምስተኛው ሪስቶ ሪቲ ነው። ሪቲ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበረ፣ ለወታደር ነገር ሩቅ የሆነ ሰው ነበር። በእርሱ ዘመን ፊንላንድ ያጣችውን መሬት ለማስመለስ በ1941 ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ተዋጋች። በጁን 1944 የሶቪየት ጦር ግንባሩን ሰብሮ ጁን 20 ቀን ቪፑሪ ከተማን ያዘ። ወዲያው የሂትለር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪበንትሮፕ ሳይጠራ ሄልሲንኪ ገባ፤ መሣሪያ እንልካለን፣ እናንተ ግን ያለ እኛ ፈቃድ ሰላም እንደማታደርጉ ፈርሙ አለ። መሣሪያው ካልመጣ ግንባሩ አይቆምም። ውሉ በፓርላማ ከጸደቀ ደግሞ አገሪቱ ከሂትለር ጋር ታስራ ትሰጥማለች። ሪቲና አማካሪዎቹ መውጫ ያገኙት አንድ መንገድ ነው፦ ውሉን አገሪቱ ሳትሆን ሰውየው ይግባ። ጁን 26 ቀን ሪቲ ለሂትለር በራሱ ስም ደብዳቤ ጻፈ፤ እርሱ ፕሬዚዳንት እስከሆነ ድረስ ያለ ጀርመን ስምምነት ሰላም እንደማይደረግ ቃል ገባ። የፀረ ታንክ መሣሪያው መጣ፤ ታሊ ኢሃንታላ ላይ የሶቪየት ጦር ተገታ። ኦገስት 1 ቀን ሪቲ ሥልጣኑን ለቀቀ። በኦገስት 4 ፓርላማው ልዩ ሕግ አውጥቶ ማርሻል ማነርሄይምን ሾመ፤ ማነርሄይምም የቀድሞው ፕሬዚዳንት የግል ቃል እኔን አያስረኝም ብሎ በሴፕቴምበር ተኩስ አቁሞ ከሞስኮ ጋር ታረቀ። ሪቲ ደብዳቤውን ሲፈርም ስሙን እንደሚያጠፋው ያውቅ ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ለጦርነቱ ተጠያቂዎቹ ይፈረድባቸው ስትል፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ በወጣ ሕግ ስምንት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ። በፌብሩዋሪ 1946 ሪቲ የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያን ሕግ በፍትሕ ሚኒስትርነት ያስፈጸመው ኡርሆ ኬኮነን፣ የዚያ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ዩሆ ኩስቲ ፓሲኪቪ ነበር፤ ሁለቱም ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሁለቱም ሪቲ በአገሩ ላይ ክፉ እንዳልሠራ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ግን አገሩን ከባሰ ለማዳን አንድ ሰው መክፈል ነበረበት። ፓሲኪቪ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1949 ምሕረት አደረገለት። ሪቲ ጤናው ተሰብሮ ወጣ፤ ወደ ፖለቲካ አልተመለሰም፤ በ1956 ሞተ።

ማነርሄይም ወንበሩ ላይ የቆየው ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ያገለገለ፣ አፉን የፈታው በስዊድንኛ የሆነ ባላባት፣ በ1919 በድምፅ ያጣውን ወንበር በ77 ዓመቱ ያለ ምርጫ አገኘው። ሥራውም አገሪቱን ከጦርነት ማውጣት ነበር፤ አወጣትና በማርች 1946 በሕመም ምክንያት ለቀቀ።

ፓሲኪቪ ሲተካው 75 ዓመቱ ነበር። መልክዐ ምድር አይለወጥም የሚል እምነት ነበረው፤ ሩሲያ ጎረቤት ናት፣ ነገም ትኖራለች። በ1948 ከሞስኮ ጋር የወዳጅነትና የመረዳዳት ውል ተፈረመ፤ ግን ፊንላንድ ፓርላማዋን፣ ነፃ ምርጫዋንና ጋዜጣዋን አላጣችም። የ1952ቱን የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የከፈተውም ይኸው ሽማግሌ ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ኬኮነን ለሃያ ስድስት ዓመት ያህል፣ ከ1956 እስከ 1982 ተቀመጠ። ሲመረጥ ያሸነፈው በ151 ለ149 ነው፤ በመራጮቹ ተወካዮች መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ የአገሩ የከፍታ ዝላይ ሻምፒዮን ነበር፤ ሸምግሎም በበረዶ ሸርተቴና በዓሣ ማጥመድ ይታወቅ ነበር። በ1960፣ ስድሳኛ ዓመቱን ባከበረበት ቀን፣ የሶቪየቱን መሪ ክሩሽቾቭን በመኖሪያው በታሚኒኤሚ ሳውና አስገብቶ እስከ ሌሊት አወጋው። ለፊንላንዳውያን ሳውና ሰው ልብሱንም ማዕረጉንም አውልቆ የሚገባበት ቤት ነው፤ ነገር የሚበርደውም እዚያ ነው። በ1961 ሞስኮ በጋራ መከላከያ እንነጋገር የሚል ማስታወሻ ልካ አገሩ ሲሸበር፣ ኬኮነን እስከ ኖቮሲቢርስክ ድረስ ተጉዞ ክሩሽቾቭን አግኝቶ ነገሩን አበረደ። በ1975 ደግሞ ሠላሳ አምስት አገሮች የአውሮፓን የጸጥታና የትብብር ሰነድ ሄልሲንኪ ላይ እንዲፈርሙ አስተናገደ።

ይህን ሁሉ አመስግኜ አንድ ነገር ግን አላልፍለትም። በ1973 ፓርላማው በልዩ ሕግ፣ ያለ ምርጫ፣ ዘመኑን በአራት ዓመት አራዘመለት። ሞስኮን ከእርሱ በቀር የሚይዛት የለም የሚለው ሐሳብ ሥር ሰድዶ ነበር፤ ተቃዋሚም እየጠፋ ሄደ። አንድ ትውልድ ሌላ ፕሬዚዳንት ሳያይ አደገ። ሰውየው ሲታመምና ማስታወሱ ሲደክም እንኳ ይህን በአደባባይ የሚናገር ጥቂት ነበር። ሥልጣኑ ከንጉሥ የተወረሰ ወንበር ላይ ሰው ለረጅም ዘመን ሲቀመጥ የሚመጣውን ፊንላንድ ያየችው በመልካም መሪዋ ላይ ነው።

ማውኖ ኮይቪስቶ ይህን ከማንም በላይ ተረድቶታል። የአናጺ ልጅ ነው፤ ቱርኩ ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም ማታ ተምሮ የዶክትሬት ዲግሪ ይዟል። በ1982 ፕሬዚዳንት ሲሆን ያን ሁሉ ሥልጣን ወረሰ፤ አልተጠቀመበትም ማለት ይቀላል። ፓርላማውና ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአገር ውስጡን ሥራ እንዲይዙ አደረገ፤ በ1991ም ማንም በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሕግ ወጣ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሳይቸኩል አገሪቱን ወደ አውሮፓ ኅብረት መራት። ከሥልጣን ላይ ሆኖ የራሱን ወንበር ያሳነሰ ሰው ብዙ አይገኝም፤ ከሁሉ አብልጬ የማከብረውም ስለዚህ ነው።

በ1994 ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማርቲ አህቲሳሪ ለአፍሪካ እንግዳ አልነበረም። ቀደም ሲል በታንዛንያ አምባሳደር ነበር፤ የናሚቢያንም ነፃነት በተባበሩት መንግሥታት ስም አዋልዷል። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ2003 የመንግሥታቱ ድርጅት በአፍሪካ ቀንድ የሰብአዊ ቀውስ ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ሾሞታል፤ በ2008 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ማርች 1 ቀን 2000 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሲውል፣ በዚያው ቀን ታርያ ሃሎነን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቱ የውጭ ጉዳይን የሚመራው ከመንግሥት ጋር ሆኖ ነው፤ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥነት ግን በእጁ ቀርቷል።

ከሃሎነን ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሳውሊ ኒኒስቶን የአዲስ አበባ አንባቢም ያስታውሰዋል፤ በኦክቶበር 2019 መጥቶ ነበር። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር የፓሲኪቪና የኬኮነን መንገድ ተዘጋ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 2023 ፊንላንድ ኔቶ ገባች። አሥራ ሦስተኛው አሌክሳንደር ስቱብ ማርች 1 ቀን 2024 ወንበሩን ተረከበ።

ሄልሲንኪ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ካላችሁ ወደ ሂየታኒየሚ መቃብር ጎራ በሉ። ስቪንሁቩድ ሉማኪ፣ ካሊዮ ኒቫላ ተቀብረዋል፤ ከሞቱት የቀሩት ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ማነርሄይም ከወታደሮቹ መካከል ተኝቷል። እስረኛ የነበረው ሪቲም በ1956 የተቀበረው በፕሬዚዳንት ክብር ነው።