የባሮ ፎቶ ግራ ጥግ

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት ወንዙ ዳር ያሉት ታንኳ ቀዛፊዎች እንዳይሰሙኝ ነው። ምስጢራቸውን ላወጣ ነው።

ጋምቤላ የመጣ እንግዳ ባሮ ላይ ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። ፎቶውን ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ቀጭን ታንኳ፣ መሀሏ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ደገኛ፣ በእጁ ረጅም ዘንግ፣ ከኋላው ድልድዩ። ያየው ሰው ውሃ ላይ የተወለደ ነው ይላል።

እኔም አለኝ። ዓሣ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥብስ የሚጠብቅ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና "አንቺ ነሽ?" ይለኛል። "እኔ ነኝ" እላለሁ። ነኝም። ግን በፎቶው ግራ ጥግ፣ ታንኳዋ ጭራ ላይ ያለችውን ጠቆር ያለች ነገር እስካሁን ልብ ያለ የለም። ለጊዜው ተዉአት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የእንግዶቹን ልንገራችሁ። ታንኳዋ እኮ አልተንሳፈፈችም! በበጋ ባሮ ይጎድላል፤ አሸዋው ከሥር ይቀርባል። ቀዛፊው ታንኳዋን ቀስ አድርጎ አሸዋው ላይ ያስቀምጣታል። እንግዳው ይቆማል። ፎቶ ይነሳል። አመስግኖ ይሄዳል። ማንም አልዋሸም፤ የጠየቀም የለም።

በክረምት ይሄ ዘዴ አይሠራም። የኢሉባቦር ዝናብ ሲወርድ ባሮ መርከብ የሚሸከም ወንዝ ይሆናል። ይህን ለማሳመር አይደለም የምላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቅደው ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨው አራግፈው ቡና ይጭኑ ነበር። በዚያ ውሃ ላይ መቆም የፈለገ ሰው በበጋ ተምሮ መጠበቅ አለበት።

እኔ መማር ፈለግኩ። ያደግኩት ጎሬ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ውሃን በእንስራ እንጂ በታንኳ አላውቀውም። ዓሣ የሚያመጡልኝን አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ግን እኔ የመረጥኩትን ጥላማ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚያ አይደለም ልጄ። እዚህ።"

ለምን ብላችሁ አትከራከሩ። ባሮ አዞ አለው። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጋምቤላ ላይ ሊዋኝ ገብቶ አዞ በልቶታል። እንግዳ ሰው ውሃውን በውበቱ ይመርጣል። የወንዙ ሰው የሚመርጠው በሚያውቀው ነው። ከትምህርቱ ሁሉ የሚቀድመው ይሄኛው ነው፤ ፎቶ ላይ ግን አይታይም።

ከዚያ ቁጭ አስባሉኝ። ቀናት ሙሉ ቁጭ። ቀጥሎ በጉልበቴ። መቆም የመጣው በመጨረሻ ነው። እውነተኛው ምስጢር የተነገረኝም ያኔ ነው።

"ታንኳዋን አትያዣት። እሷ ትያዝሽ።"

አልገባኝም ነበር። እግሬን አድርቄ በቆምኩ ቁጥር ውሃ ውስጥ ነኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የግንዱ ሆድ ክብ ስለሆነ ሁልጊዜ ይንከባለላል። ጉልበት ከደረቀ መላ ሰውነት አብሮ ይወድቃል። ጉልበት ከላላ ታንኳዋ ከሥር ትወዛወዛለች፤ ወገብ ግን ባለበት ይቀራል። ዓይን ደግሞ እግር ላይ አይተከልም። ማዶ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ። ታናሽ እህቴ የምትኖረው አውስትራሊያ ነው። በቅርቡ ማዕበል ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። ሰርፊንግ ጀምራለች። አየሁትና ሳቄ መጣ። ደወልኩላት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ማን ነው የያዘሽ?"

"እንዴት አወቅሽ?" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። መጀመሪያ ውሃ አይገባም፤ ደረቅ አሸዋ ላይ በሆድ ተኝቶ መነሳት ነው የሚለማመዱት። ለጀማሪ የሚሰጠው ቦርድ ረጅምና ለስላሳ ነው። ውሃው ወገብ ድረስ ነው። ማዕበሉም ቀድሞ ተሰብሮ አረፋ የሆነው ነው። አስተማሪው ከኋላ ቆሞ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ይገፋል። "እግርሽን አትዪ" ይላል። ቃል በቃል የእኔ ሽማግሌ!

እዚያ አገር የሚወራውንም ነገረችኝ። በ1907 ዓ.ም. ዱክ ካሃናሞኩ የተባለው የሃዋይ ዋናተኛ ሲድኒ ላይ ሰርፊንግ ሲያሳይ፣ ኢዛቤል ሌታም የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቦርዱ ላይ ከፊቱ አደረገ። ልጅቷ ማዕበሉን ቁልቁል ስታየው ፈራች። እሱ ማጅራቷን ይዞ ብድግ አደረጋት። ይህን የተናገረችው ኋላ እሷ ራሷ ናት። አገሩ ሁሉ የሚያስታውሰው መቆሟን ነው። ያቆማትን እጅ እሷ ናት ያልረሳችው።

ወደ ግራ ጥጉ እንመለስ። ያቺ ጠቆር ያለች ነገር አራት ጣት ናት። ሽማግሌው ውሃ ውስጥ ቆመው የታንኳዋን ጭራ ይዘውልኛል።

የለቀቁኝ ቀን ደግሞ አልነገሩኝም። እያወራኋቸው ነበር፤ መልስ አጣሁ። ዞር ስል እሳቸው ከሩቅ፣ ዳር ላይ፣ ሸሚዛቸውን እየጨመቁ ነው። ታንኳዋ ከሥሬ ትወዛወዛለች፤ እኔ ቆሜያለሁ። የዚያ ቀን ፎቶ የለኝም። ማንም አላነሳኝም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሳሳትም ፎቶ ቤቱ፣ "ይህቺን ጥግ ልቁረጣት? ፎቶውን ታበላሻለች" ብሎኝ ነበር።

ተዋት አልኩት።