ቀን የሳተው ቴሌቪዥን

ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚያቀና ሰው ወረታ ሳይደርስ ሐሙሲትን ያገኛል። ስሟ ራሱ ቀን ነው። ለሐሙሲት ሰው ቀን መሳት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐሙስ የሚጠበቀውን ገበያ ረቡዕ ቢሄዱበት ሜዳው ጭር ብሎ ይጠብቃል። መንገዱ አልተሳተም፣ ቦታው አልተቀየረም፣ ገንዘቡም ኪስ ውስጥ አለ። የተሳተው ቀኑ ብቻ ነው።

በ2017 ክረምት እዚያው ሐሙሲት፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ውጭ አገር ያለች ልጇ የላከችላት ስማርት ቲቪ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዲሹን አገናኝተውለት ጣቢያዎቹን ሁሉ በጥራት ያሳያል። አክስቴ የምትፈልገው ግን ጣቢያዎቹን አልነበረም፤ ልጇ በሰው አገር ያገባችበትን ሰርግ ማየት ነው። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ተጭኗል። በስልክ አይታዋለች፤ በስልክ ግን የሙሽሪት ፊት ከአውራ ጣት አይበልጥም። ከስልክ ሆትስፖት ስንከፍትለት ቴሌቪዥኑ ዋይፋዩን አገኘ፣ ፓስወርዱንም ተቀበለ። ዩቲዩብ ሲከፈት ግን ግንኙነት የለም ይላል። የሰፈሩ ልጆች ሁለት ጊዜ ሁሉን ነገር አጥፍተው እንደ አዲስ ጀምረውታል። «እስኪ ልጄ፣ አንተ ደግሞ እየው» አለችኝ።

ይህን ዕቃ ለመጠገን መጀመሪያ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቴሌቪዥን የምንለው ዕቃ ተቀባይ ብቻ ነበር። ጣቢያው ይልካል፣ አንቴናው ይቀበላል። ዲሽም ሲመጣ ነገሩ ያው ነው። ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት፣ ማዞር የሚችል ጎረምሳ በየሰፈሩ አለ፤ አቅጣጫው ከተገኘ ሥዕሉ ይመጣል። ስማርት ቲቪ ግን ጠያቂ ነው። ውስጡ ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩም ምንም ነገር ከማሳየቱ በፊት ተራ በተራ ይጠይቃል፤ አጠገቤ ዋይፋይ አለ? ታስገቡኛላችሁ? አድራሻዬ ስንት ነው? የምፈልገው ቤት የት ነው? የቤቱ ባለቤት እውነተኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከእነዚህ አንዱ መልስ ሲያጣ የሚቀጥለው አይጠየቅም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል ግን የትም ይቁም የት ያው «አልተገናኘም» ነው። ሰውን የሚያደክመው ይህ ነው፤ በሽታው አምስት ዓይነት ሆኖ ሳለ የሚያሰማው ማቃሰት አንድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ሪሞት ማንሳት ሳይሆን ስልክ ማንሳት ነው። ስልኩን በዚያው ዋይፋይ አገናኝቶ፣ የራሱን ዳታ ዘግቶ፣ ዩቲዩብን መክፈት። ስልኩም እምቢ ካለ ቴሌቪዥኑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከራውተሩ ወይም ከዚያ ወዲያ ካለው መስመር ነው። ፓኬጁ አልቆ ይሆናል። ፋይበር የገባበት ቤት ከሆነ «ሎስ» የተባለችው መብራት ቀይ ሆና እንደሆነ ይታይ፤ ቀይ ከሆነች የብርሃን ምልክቱ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚነካካ ነገር የለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ የትኛውም ሴቲንግ መፍትሔ አልነበረውም፤ ያንን ያሳለፈ ሰው የመስመርን ጥፋት ከዕቃ ጥፋት መለየት ለምን እንደሚበጅ ያውቃል።

ስልኩ ሠርቶ ቴሌቪዥኑ እምቢ ካለ ግን ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ዋይፋዩን ጨርሶ ካላየው ነገሩ የሞገድ ነው። ዋይፋይ በብዛት በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ አንዱ 2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋ ኸርዝ። የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ ያልፋል። ሁለተኛው የዚያ ግማሽ ሲሆን ፈጣን ነው፣ በግድግዳ ግን ቶሎ ይደክማል። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። የዘመኑ ስልክ ሆትስፖት ሲከፈት ደግሞ በ5 ላይ ሊያሰራጭ ይችላል። አንዱ በአማርኛ ሲጣራ ሌላው የሚያውቀው ግእዝ ብቻ እንደማለት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንዱን ወደ 2.4 መቀየር፣ በአይፎን ደግሞ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ማብራት ይበቃል።

የቤታችን አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ አይዘጋውም፤ ክረምት እርጥበት ሲጠጣ ይብስበታል። ቆርቆሮ ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ራውተሩ ፊት ለፊት ሱቅ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ከቆርቆሮ ክፍልፋይ ጀርባ ባለ ጓዳ ውስጥ ከሆነ፣ ራውተሩን ከፍ አድርጎ በበሩ ትይዩ መስቀል ከብዙ ሴቲንግ ይሻላል። ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም። የጀርባውን አየር መውጫ ከሸፈነ ግን ሙቀት ያጠራቅማል፤ ስለዚህ ማሳጠሩ ደግ ነው።

ከዘመድ ለሚላክ ቴሌቪዥን ሁለት ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩት። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። 2.4 ሞገድ በቻናል የተከፋፈለ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ 12ኛና 13ኛ ቻናልን አይሰሙም። ራውተሩ በራሱ ፈቃድ 13 ላይ ከተቀመጠ፣ የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ እየታየ የቤቱ ብቻ አይታይም። ራውተሩን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ማዛወር ነው መድኃኒቱ።

ዋይፋዩን አይቶ ፓስወርዱን ካልተቀበለ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ነገር ነው። ራውተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ዜሮና ኦ፣ አንድና ኤል መንታ ናቸው። የዋይፋይ ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ደስም ይላል፤ ነገር ግን ለስሙ የተፈቀደው ቦታ 32 ባይት ብቻ ነው። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው። የግእዝ ፊደል ያልተጫነበት ቴሌቪዥንም ስሙን በባዶ ሣጥኖች ያሳያል። ፓስወርዱ ግን በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በምልክት ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ከ8 እስከ 63 ቁምፊ። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን እምቢ ካለ ራውተሩ ወይም ሆትስፖቱ ደብሊውፒኤ3 በተባለው አዲሱ ጥበቃ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ ወደ ደብሊውፒኤ2 ሲመለስ ይስማማሉ።

አድራሻ ማጣት የመብራት ልጅ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑና ራውተሩ እኩል ይነቃሉ። ራውተሩ ለመሰናዳት ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ወዲያው አድራሻ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ ለራሱ አድራሻ ያወጣል። የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካዩ ይኸው ነው የሆነው። ሁለቱንም ከሶኬት መንቀል፣ ራውተሩን ቀድሞ መሰካት፣ መብራቶቹ ሲረጉ ቴሌቪዥኑን ማስከተል። በሪሞት ማጥፋት እዚህ አይረዳም፤ በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን አሸልቧል እንጂ አልጠፋም። አድራሻ አግኝቶም የሚፈልገውን ቤት ካላገኘ ዲኤንኤስ የሚለውን በእጅ 8.8.8.8 ብሎ መሙላት ነው።

የአክስቴ ቴሌቪዥን እነዚህን ሁሉ አልፏል። የቆመው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ዘንድ ሲደርስ ዝም ብሎ አይገባም። አጭበርባሪ በሌላ ሰው ስም እንዳይቀበለው መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርተፍኬት የሚባለው ይህ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜውም በዚያን ጊዜ ከ398 ቀን እንዲበልጥ አይፈቀድም ነበር። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። መታወቂያው ጊዜው ካለፈበት አይቀበልም፤ ገና ወደፊት የሚሰጥ መስሎ ከታየውም አይቀበልም። የሴቲንጉን ገጽ ከፍቼ ሳይ ቀኑ በእጅ የተሞላ ነው፤ ዓመቱ 2017፣ ወሩ 11። ሐምሌ ነበርና ልጆቹ የዕለቱን ቀን በቅን ልቦና፣ አንድም ሳያጓድሉ ሞልተውታል። ለቴሌቪዥኑ ግን ይህ የፈረንጆች ኖቬምበር 2017 ነው፤ 7 ዓመት ከ8 ወር ወደ ኋላ። የዩቲዩብ መታወቂያ ገና አልተጻፈም። ቴሌቪዥኑ ሐሙስ የሚቆመውን ገበያ ረቡዕ ሄዶበት ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመሩም ያልረዳው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ዳግመኛ ቀን ሲጠይቅ ዳግመኛ ያንኑ መለሱለት።

በልጆቹ አልፈርድም። ዘመናችን ከፈረንጆቹ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ በ8 ዓመት ይለያል። ሰዓታችን ከንጋት ይጀምራል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለዕቃው ዘጠኝ ነው። የስድስት ሰዓት ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ አይዘጋም፤ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ግን ይዘጋል። «ቀን አስገባ» ሲባል የራሱን ቀን የሚያስገባ ሰው ምን አጠፋ? ዕቃው የማንን ዘመን እንደሚጠይቅ አልነገረውም። እንደ እኔ ግን ጉድለቱ መታረም የሚችል ነው። ብዙ ኮምፒውተር ከውስጡ የማንንም ዘመን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። ዓመቱና ወሩ ከላይ የሚደረብ ልብስ ነው። የእኛን አቆጣጠር የሚያውቅ የሶፍትዌር ክፍልም ተሠርቶ ለዓለም በነጻ ቀርቧል። ቴሌቪዥን ሠሪዎች ከሴቲንጋቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩልን የአንድ ሕዝብ ዘመን በማሽን ፊት እንደ ስሕተት አይቆጠርም ነበር።

በተቃራኒው ቀኑ ልክ ሆኖ እያለ እምቢ የሚል አሮጌ ቴሌቪዥንም አለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ብዙ ድረ ገጾች የሚታመኑበት አንድ ዋና ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ ዕቃዎች በብዙ አገር ከኢንተርኔት ተቆራርጠዋል። ያገለገለ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ከአምራቹ ዘንድ አዲስ ሶፍትዌር ይኖረው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ካለ በፍላሽ መጫን ይቻላል።

የእኛው መፍትሔ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀኑን «በራሱ» ወደሚለው መለስኩት። የሰዓት ክልል ሲጠይቅ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ስላልነበረች ናይሮቢን መረጥኩ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ነቅዬ ሰካሁት፣ ዩቲዩብ ተከፈተ። በጥሩ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊበላ ስለሚችል፣ የስልኩ ፓኬጅ ሰርጉ ሳያልቅ እንዳያልቅ ጥራቱን 480 ላይ አወረድነው።

«ታዲያ የእኛን ዘመን አያውቅም ማለት ነው?» አለች አክስቴ ዓይኗን ከሙሽሪት ሳትነቅል።

«አላስተማሩትም፣ እትዬ።»

ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ከደብተር ገጽ ቀድጄ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከአየር መውጫው ራቅ አድርጌ፣ ለጠፍኩ፦ «ቀኑን አትሙሉ፤ በራሱ ይሙላ። ሰዓት፦ ናይሮቢ። ሆትስፖት፦ 2.4።»