በአይሮፕላን ለሕፃናት ስለሚታይ ሥዕልና ስለ ባትሪው ጥንቃቄ

ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ በምድር የሚጓዝን ሰው የካራማራን በር ወጥቶ፥ በባቢሌና በሐረር አልፎ፥ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቀዋል። በአይሮፕላን የተሳፈረ እንደ ሆነ ግን ይህንኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ይፈጽመዋል። ዳሩ ግን ለሕፃን አንድ ሰዓት በወንበር ታስሮ መቀመጥ እንደ አንድ ቀን ይረዝምበታል፤ ጆሮውም ስለሚደፈን ያለቅሳል። ከቦሌ ወደ አሜሪካ ወዳሉ ዘመዶቻቸው የሚቀጥሉትማ ከግማሽ ቀን የሚበልጥ በረራ አለባቸው። ስለዚህ ዛሬ ልጅ ይዛ የምትጓዝ እናት ከወተቱና ከልብሱ ጋር ታብሌት ወይም ስልክ አትረሳም። የሚያሳስበው ነገር መሣሪያው የሚበላው ኃይል ከወዴት ይገኛል የሚለው ነው።

በበረራ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1913 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ላይ በሚበር አይሮፕላን ውስጥ ለመንገደኞች ሲኒማ ታይቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ ግን የመንገደኛው መዝናኛ መስኮቱ ነበር።

ረዥም መንገድ በሚሄዱት ትልልቅ አይሮፕላኖች በወንበሩ ላይ ወይም በወንበሩ ሥር የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይገኛል። ሞተሩ የሚያዞረው ጄኔሬተር 115 ቮልት ያለውን፥ በሴኮንድ 400 ጊዜ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ ያወጣል። ይህ ከቤታችን 220 ቮልትና 50 ምልልስ ጋር የማይገጥም ስለ ሆነ፥ ወደ ወንበሩ ከመድረሱ አስቀድሞ በመለወጫ መሣሪያ ያልፋል፤ በብዙዎቹም ዘንድ 110 ቮልት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለ ያገለግላል፤ 220 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በአየር ላይ አይረባም። ዩኤስቢ የሚባለው ትንሹ መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ለስልክ ይበቃል፤ ታብሌት ግን ልጁ እያየበት ከሆነ ሲሞላ እጅግ ይዘገያል።

በአገር ውስጥ መስመር በሚሠሩት እንደ ዳሽ 8 ባሉ ባለ ተሽከርካሪ ክንፍ አይሮፕላኖች መሰኪያ አለ ብሎ መተማመን አይገባም። እኔም ለአንድ ሰዓት መንገድ ትርፍ ባትሪ መሸከምን ከከንቱ ድካም እቈጥረዋለሁ። በቤት ሳለ ፈጽሞ የሞላ ታብሌት፥ ብርሃኑ ዝቅ ከተደረገና በበረራ ሁኔታ ላይ ከተቀመጠ፥ ብዙ ሰዓት ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉም አስቀድሞ ከኢንተርኔት መጫን አለበት። የጆሮ ማዳመጫ መያዝ ደግሞ ለጎረቤት ክብር ነው።

የጅግጅጋ አይሮፕላን ማረፊያ በገራድ ዊልዋል ስም ይጠራል። ይህ ሰው በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ በብልሃቱና በእንቆቅልሹ የታወቀ ነው። አንድ ቀን ሰዎቹን ሰብስቦ፥ ሰውን አንድ የሚያደርገውን ወይም የሚለያየውን የበግ ብልት አምጡልኝ አላቸው ይባላል። ሌሎቹ ያማረውን ሙዳ ይዘው ሲመጡ የአንድ ድኻ ልጅ ለአባቷ ጉሮሮውን ሰጠችው፤ መሰሰትም መካፈልም በጉሮሮ ምክንያት ነውና። ይህን ለልጇ የምትነግር እናት ባትሪ አያስፈልጋትም።

ለረዥሙ መንገድ ግን ብዙዎች ፓወር ባንክ ይይዛሉ። በጅግጅጋ ገበያ ከሚሸጠው የኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙው ከበርበራ ወደብ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ነው፤ ከመካከሉም ደኅናው አለ፥ ስሙን ብቻ የተዋሰም አለ። ገዢው በላዩ የተጻፈውን ቍጥር ይመርምር። የሚሊ አምፔር ሰዓቱ ቍጥር በ3.7 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ዋት ሰዓቱ ይገኛል። 10,000 ያለው 37፥ 20,000 ያለው 74፥ 30,000 ያለው 111 ዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ እስከ 100 ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፥ ከሁለትም አይበልጥም፤ ከ160 የሚያልፈው ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቍጥሩ የጠፋበት ዕቃ በፍተሻ ላይ ምስክር እንደ ሌለው ባለጉዳይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ሊቲየም ነው። ጥር 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ድሪምላይነር የተባሉት አይሮፕላኖች በባትሪያቸው ምክንያት መታገድ ጀመሩ፤ ከእገዳው በኋላ መጀመሪያ መንገደኛ ይዞ የበረረውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፥ ሚያዝያ 19 ቀን ወደ ናይሮቢ። ሐምሌ 5 ቀን ደግሞ ንግሥተ ሳባ የተባለው የዚሁ አየር መንገድ ድሪምላይነር በለንደን ሂዝሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ጣራው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች የአደጋ ምልክት ማሰራጫውን የሊቲየም ባትሪ ምክንያት አደረጉት፤ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨቍነው ተነካክተው ነበር። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በኮሪያ ቡሳን አንድ አይሮፕላን ሊነሣ ሲል ከራስጌው የጓዝ ሣጥን እሳት ተነሣ፤ 176ቱ ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። ፓወር ባንክም ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ።

ስለዚህ ኮሪያ ከየካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፓወር ባንክ በራስጌው ሣጥን እንዳይቀመጥ ከለከለች። የዱባዩ ኤሚሬትስም ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ100 ዋት ሰዓት በታች የሆነውን አንዱን ብቻ ይዞ መግባት ፈቅዶ፥ በበረራ ላይ መጠቀምን ግን አገደ። ደንቡ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ስለሚለያይ ትኬት ሲቈረጥ መጠየቅ ይገባል። ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ግን ፓወር ባንክ በየትም አይፈቀድም፤ በመንገደኛው ዘንድ የተነሣ እሳት ታይቶ በውኃ ይቀዘቅዛል፥ ከታች የተነሣውን ግን ማን ይደርስበታል? በእጅ ቦርሳም ቢሆን ከቍልፍ፥ ከሳንቲምና ከወርቅ ጌጥ ጋር አይቀላቀል። ያበጠ ወይም ወድቆ የተሰነጠቀ ከሆነ ከቤት አይውጣ።

ስልኩ ወይም ፓወር ባንኩ በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ወንበሩን ማንቀሳቀስ አይገባም፤ ብረቱ ባትሪውን ጨፍልቆ ያቀጣጥለዋልና። ልጁን አንሥቶ አስተናጋጇን መጥራት ነው።