ለጋቢና የሚሆን ላፕቶፕ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባሉት ጋራዦች፣ ኮፈን ከመከፈቱ በፊት ላፕቶፕ ሲከፈት ማየት የተለመደ ሆኗል። ለአሮጌዋ ዲኤክስ የመካኒኩ ጆሮና እጅ ይበቃ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ባለ 16 እግር የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ካስገደደች፣ ሌሎች አገሮችም ከተከተሏት በኋላ ግን የሞተር ችግር በኮድ የሚነበብ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። እሱን ያለ ኮምፒውተር መመርመር የማይታሰብ ነው።

ብልሽት ሁልጊዜ ጋራዥ ድረስ አይመጣም። ጀሞ ወይም ለቡ ላይ መኪና ቀጥ ሲል መካኒኩ ዕቃውን በራሱ መኪና ጭኖ ይሄዳል። የቴሌኮም ባለሙያም የኔትወርክ ጥራት የሚለካው በመኪና እየዞረ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጋቢናው ቢሮ ነው። ላፕቶፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ተጥሎ ይጓዛል፤ ሥራ ሲጀመር ደግሞ መሪ ላይ ይደገፋል ወይም በረዳቱ ጭን ላይ ይቀመጣል።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ተጣጣፊ ላፕቶፕ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው እንደ ኤችፒ ኤክስ 360 እና እንደ ሌኖቮ ዮጋ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚዞር ነው። ሁለተኛው እንደ ማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ ስክሪኑ ከኪቦርዱ የሚለይ ነው። ታብሌት ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኞቹ የመኪና አምራቾች የምርመራ ሶፍትዌሮች ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ ሪፖርት ለመጻፍም ኪቦርድ ያስፈልጋል።

በጉዞ ላይ ቶሎ ከሚጎዱት የላፕቶፕ ክፍሎች አንዱ ማጠፊያው ነው። ተከፍቶ የቆመ ስክሪን በኮብልስቶንና በኮሮኮንች ላይ ሲርገበገብ ማጠፊያው ይላላል፤ በውስጡ የሚያልፈው ቀጭን ገመድም ይጎዳል። ተጣጣፊው ግን እስከ መጨረሻ ሲዞር ስክሪኑና ኪቦርዱ ጀርባ ለጀርባ ይገጥማሉ። እንደ አንድ ሰሌዳ ሆኖ ስለሚያርፍ ማጠፊያው የሚሸከመው ክብደት አይኖርም። ሰርፌስን የመሰለው ዓይነት ጀርባው ላይ ያለችው ቀጭን መደገፊያ ንዝረት ስለማትችል ጠርዙን ቆንጥጦ የሚይዝ ማቆሚያ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ ላፕቶፑን ይገዛና ኋላ ማስቀመጫ ይፈልጋል። እኔ የማምነው በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ መኪናው ይለካ፣ ቀጥሎ ማቆሚያው ይሠራ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይዘጋጅ፣ ላፕቶፑ በመጨረሻ ይምጣ። ውዱም ላፕቶፕ ቢሆን መጥፎ ማቆሚያ ላይ ከተቀመጠ ከርካሹ እኩል ይሰበራል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሰው መጉዳቱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ላፕቶፕ በዚያው ፍጥነት ወደፊት ይወነጨፋል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የተለቀቀ ላፕቶፕ መሬት የሚመታው በዚህ ፍጥነት ነው። በጋቢናው ውስጥ በመንገዱ የሚያገኘው ደግሞ የሰው ራስ ሊሆን ይችላል።

ለማቆሚያው የተሻለው ቦታ የጋቢናው ወንበር የፊት ግራ እግር፣ ለማርሹ የሚቀርበው በኩል ነው። ወንበሩን ከወለሉ ጋር ያሰረው ቡሎን ይፈታና በሥሩ ወፈር ያለ ጠፍጣፋ ብረት ገብቶ መልሶ ይጠብቃል። የገባው ብረት የቡሎኑን ጥርስ ስለሚሻማ፣ ረዘም ያለ ግን ጥንካሬው የማያንስ ቡሎን መተካት ይኖርበታል። ጥንካሬው የቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ ተቀርጿል። ከጠፍጣፋው ብረት ላይ ቱቦላሬ ይቆማል፤ ከቱቦላሬው አጭር ክንድ ይወጣል፤ ክንዱ ላይ የላሜራ ትሪ ይታሰራል። ክንዱ በረዘመ ቁጥር ንዝረቱ ይብሳል። ትሪው ከላፕቶፑ የአየር ማስገቢያ ትይዩ መከፈት፣ አራቱ ማዕዘኖቹም ጎማ መልበስ አለባቸው። መቆለፊያው በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን፤ ላፕቶፑ ማታ ከባለቤቱ ጋር ቤት እንጂ መኪና ውስጥ ማደር የለበትም።

ሦስት ነገር ፈጽሞ አይደረግም። አንደኛ፣ ማቆሚያው ኤርባግ በሚወጣበት አቅጣጫ አይቆምም፤ ኤርባግ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ ስለሚፈነዳ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ተሳፋሪው ላይ ይወረውራል። ሁለተኛ፣ የመኪና ወለል አይበሳም። በነዳጅ መኪና ሥር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ አለ፤ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሥር ደግሞ 400 ቮልት ገደማ የያዘው ትልቁ ባትሪ ተኝቷል፤ እዚያ ድሪል ማስገባት ሞትን መጥራት ነው። ሦስተኛ፣ ማቆሚያው መኪናው ውስጥ እንዳለ አይበየድም፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ የመኪናውን ኮምፒውተሮች ሊያቃጥል ይችላል። ልኬቱ ተወስዶ ውጭ ይበየድ፣ ቀለም ይቀባ፣ ከዚያ ይገጠም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተር ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ሞተሪኖ ሲዞር ደግሞ 10 ቮልት ድረስ ሊወርድ ይችላል። እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ለ12 ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። ብዙ ሰው ኢንቨርተር ይገዛል፤ ኢንቨርተሩ 12ቱን ወደ 220 ያወጣል፣ ቻርጀሩ መልሶ ወደ 20 ያወርዳል፤ በሁለቱም ደረጃ ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ለሚደረግ ላፕቶፕ ከሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ፣ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚቀበልና 65 ዋት የሚሰጥ የመኪና ቻርጀር ይሻላል። ይህ ቻርጀር ከመኪናው 6 አምፒር ገደማ ስለሚወስድ የሶኬቱ ፊውዝ ይችለዋል። ሞተር ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ግን ከባትሪው ከ10 አምፒር አወር በላይ ይበላል፤ ያረጀ ባትሪ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖ ለማዞር ሊያቅተው ይችላል። የመኪናን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው ከጅምሩ የላፕቶፑም የመኪናውም ባትሪ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጥ፤ መሐል ላይ መጥፋት ውድ የሆነውን መቆጣጠሪያ ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

አሁን ላፕቶፑን መምረጥ ይቻላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ማከማቻው ነው፦ ኤስኤስዲ ይሁን። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ስለሆነ ንዝረትም ከፍታም ይጎዳዋል። ብዙ አምራቾች 3,048 ሜትርን የመጨረሻ ከፍታ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ በጣርማ በር በኩል ደሴ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አዲስ አበባም ብትሆን አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚያበዛ ትልቅ ፕሮሰሰር ለጋቢና አይመከርም።

ቀጥሎ ብርሃኑ ነው። ተራ ስክሪን ከ250 እስከ 300 ኒት ብርሃን አለው፤ በበጋ ቀትር መስታወት አጠገብ ምንም አያሳይም። ከ400 ኒት በላይ ያለው ይፈለግ። ለመስክ ተብሎ የተሠራው የፓናሶኒክ ተፍቡክ ሲኤፍ 33 1,200 ኒት ይደርሳል፤ አቧራና ውሃም ይከላከላል፤ ክብደቱና ዋጋው ግን ለሁሉም አይሆንም። ስክሪኑ ብዕር የሚቀበል ቢሆን ለመካኒክ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግሪስ የነካ ጣትና ጓንት ስክሪን በደንብ አይታዘዛቸውም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑን ይይ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ይመረጥ።

ማቆሚያ መግጠም እየነዱ ለማየት ፈቃድ አይደለም። ሹፌር እያሽከረከረ ስልክ መነካካት በሕግ ተከልክሏል፤ ከስልክ የሚሰፋ ስክሪን ዓይንን ይበልጥ ይወስዳል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው መኪናውን ዳር ያቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደራሱ ያዙር።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ብየዳ ቤቱ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻኑና ጋራዡ አጠገብ ላጠገብ ናቸው። ማቆሚያ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥሩ ልኬት፣ ጥሩ ቡሎንና ጥንቁቅ በያጅ ይበቃሉ። ጋራዥ ያላችሁ ሁሉ ክሪክና መፍቻ ሳታሟሉ ሠራተኛ ወደ ደንበኛ እንደማትልኩ፣ ላፕቶፑንም ያለ ማቆሚያ አትላኩት።