ቃል ያጣ ኀዘንና የሥዕል ሕክምና

የሰው ልጅ በልቡ ያለውን ሁሉ በአንደበቱ ሊናገር አይችልም። አንዳንዱ ኀዘን ቃል አይገኝለትም፤ አንዳንዱንም ቃል ቢገኝለት እንኳ ይሉኝታ ያፍነዋል። በእኛም አገር «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ችሎ መኖር እንደ ጨዋነት ሲቈጠር ቈይቷል። ነገር ግን ሆድ ፈጀው ያልነው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይፈጅ ይቀርና እንቅልፍ በማጣት፣ በራስ ምታት፣ በቁጣ ወይም ሥራን በመጥላት ይገለጣል።

ወደ ሐዋሳ የሚመጣው ወጣት ብዙ ነው። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ለመማር፣ ሁለተኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ሌላዋም በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ለመያዝ ከወላጅ ቤት ተለይተው ይመጣሉ። ሐይቁ ዓይን የሚማርክ ቢሆንም የፈተና ጭንቀት፣ የቤት ኪራይ ሐሳብና የቤተ ሰብ ናፍቆት በሐይቁ ዳር በመቀመጥ ብቻ አይለቅም። እንዲህ ላለው ጭንቀት የመናገሪያ በር ከሚከፍቱት መንገዶች አንዱ በሥነ ጥበብ የሚደረግ የሥነ ልቡና ሕክምና ነው።

«የሥዕል ሕክምና» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣለት አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። ሂል በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ጊዜ በአልጋው ላይ ሆኖ እየሣለ ራሱን አጽናና፤ ኋላም ሌሎች በሽተኞች፣ ከጦር ሜዳ የመጡ ወታደሮች ጭምር፣ እንዲሥሉ ያበረታታ ጀመር።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የጥንት ደብተራዎች በበሽተኛው ቁመት ልክ በተለካ ብራና ላይ ጸሎት እየጻፉና ትላልቅ ዓይን ያላቸውን ሥዕሎች እየሣሉ ክታብ ያዘጋጁ ነበር። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድም ፊቼ ጨምበላላ በተባለው የዘመን መለወጫ በዓል፣ በሐዋሳ ጉዱማሌ የሚሰበሰበው ሕዝብ ቄጣላ እያለ በአንድነት ይዘፍናል፤ በዓሉንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በዛሬው ሕክምና ያለው ልዩነት ግን ሥዕሉን የሚሠራው ታካሚው ራሱ መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ወረቀትና ቀለም ወይም ጭቃ ያቀርብና «ጭንቀትህ መልክ ቢኖረው ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ ሐይቁን እንዲሥል የተጠየቀ ተማሪ፣ ራሱን በአሞራ ገደል ከሚሰበሰቡት ሰዎች ለይቶ በውኃው መካከል በቀረች አንዲት ታንኳ ውስጥ ሊሥል ይችላል። ባለሙያው ሥዕሉን አያርምም፣ ማርክም አይሰጥም፤ «ይህች ታንኳ ወደ ዳር ለመድረስ ምን ያስፈልጋታል?» ይለዋል እንጂ። ስለ ራሱ መናገር ያፈረው ወጣት ስለ ታንኳዋ ሲናገር ስለ ራሱ ይናገራል። በሆድ ውስጥ ወሰን ያልነበረው ጭንቀት በወረቀት ላይ ሲወርድ ወሰን ያበጃል፤ ራቅ ብለው ሊመለከቱትም ይቻላል።

«እኔ መሣል አልችልም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በ39 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለ45 ደቂቃ ከሣሉና ከሠሩ በኋላ ከመቶው 75 በሚያህሉት ሰውነት ውስጥ ከጭንቀት ጋር የሚጨምረው ኮርቲሶል የተባለ ንጥረ ነገር ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከዚህ በፊት የሣለውና ያልሣለው ሰው ልዩነት አላሳየም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የሚያጠቃልል ዘገባ አውጥቶ፣ ሥነ ጥበብ ለጤና እንደሚረዳ አስታውቋል።

ሆኖም ሥዕል ሁሉን ፈዋሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የታተመ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ባለባቸው 417 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቡድን የተሰጠው የሥዕል ሕክምና ከተለመደው ሕክምና የተለየ ጥቅም እንዳላስገኘላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ቢኖር ቀለም ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ወዳጆቹም ሳይዘገዩ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊወስዱት ይገባል።

የዕለት ጭንቀት ላለበት ግን መጀመሪያው ቀላል ነው። ማታ ሃያ ደቂቃ ያህል በእርሳስ የቀኑን ስሜት መሣል፣ ሥዕሉ አማረ አላማረ ብሎ አለመጨነቅ፣ ከዚያም ለአንድ ታማኝ ወዳጅ ማሳየት ወጪ አይጠይቅም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በአንደበቱ ለመናገር ያቃተው ወጣት በእጁ ቢጀምር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ወዳጁ ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ መሳቅ ነው።