በጥቁርና ነጭ ፎቶ የጦር አውሮፕላን ቀለም እንዴት ይለያል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩልን የአውሮፕላን ፎቶዎች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊው፣ ሞዴል ሠሪውና ለሙዚየም አሮጌ አውሮፕላን የሚያድሰው ባለሙያ ግን ቀለሙን ማወቅ ይፈልጋሉ። በፎቶው ላይ የፈካው በእውንም የፈካ፣ የጠቆረውም የጠቆረ ነበር ብሎ የተነሳ ሰው ገና ከጅምሩ ይስታል። ፊልም እንደ ዓይናችን አያይምና።

በዘመኑ ሁለት ዓይነት ፊልም ይሠራበት ነበር። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይ ብርሃን አይሰማውም፤ ስለዚህ ቀይ ቀለም ጥቁር ይመስላል፣ ቢጫ ይጨልማል፣ ሰማያዊ ይፈካል። ፓንክሮማቲክ ግን ቀዩንም ይመዘግባል፤ በእሱ ላይ ቢጫ ወደ ነጭ ይጠጋል። ፎቶ አንሺው ሌንሱ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ፊልተር ካደረገ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ሁሉ ይጠቁራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ቀለሙ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። በእንግሊዝ አውሮፕላን ላይ ይህን የሚሰጠን ክቡ ምልክት ነው፤ መሐሉ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1940 ጀምሮ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ባለው ምልክት ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ተጨመረ። የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ፎቶ ሲገኝ ይህን ምልክት በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። መሐሉ ጥቁር፣ ሰማያዊው የገረጣ ከሆነ ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ ነው። በዚህ ፊልም ቢጫው ቀለበት ጨልሞ ከአካሉ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ጭራሽ የሌለ ሊመስል ይችላል። ቀለበቱን ያላየ ሰው ፎቶውን ከግንቦት በፊት የተነሳ ነው ይላል፤ በአንድ ፊልም ጠባይ ምክንያት የአንድ አውሮፕላን ታሪክ ይዛባል።

የጀርመኑ ተዋጊ አውሮፕላን ሜሰርሽሚት 109 ይበልጥ ያስቸግራል፤ መስቀሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪታንያ የአየር ውጊያ ወቅት ብዙዎቹ አፍንጫቸው ቢጫ ይቀባ ነበር፤ ነጭ ምልክትም በሥራ ላይ ነበር። እንግዲህ የፈካ አፍንጫ ቢጫ ነው ወይስ ነጭ? እዚህ ላይ የምትረዳን ጎኑ ላይ ያለች 87 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የነዳጅ ምልክት ናት፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ናት። አፍንጫው ከእሷ ጋር ይመሳሰላል ወይስ ከመስቀሉ ነጭ? ሁለቱም ላይ ያረፈው ብርሃን እኩል መሆኑም መታየት አለበት፤ ፀሐይ የመታው ቢጫ ጥላ ውስጥ ካለ ነጭ ሊበልጥ ይችላል። ፊልሙ ፓንክሮማቲክ ከሆነና ልዩነቱ ከጠፋ፣ በፎቶው ብቻ ተነስቶ መፍረድ አይገባም።

አንዳንዱን ቀለም በፎቶ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዞቹ ጥቁር አረንጓዴና ቡናማ በፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ እጅግ ተቀራራቢ ግራጫ ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1941 በቀን ተዋጊዎቹ ላይ ቡናማው በግራጫ መተካቱን የምናውቀው ከወጣው ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተር አሮጌ ፎቶን ቀለም ሲቀባውም ግምቱን ነው የሚሰጠን፤ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ማየት ያሳዝናል።

ከፎቶ ውጭ ያለ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚረዳ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ምሳሌ እንይ። የጀርመናዊው አብራሪ ማንፍሬድ ፎን ሪችቶፈን ባለሦስት ክንፍ ፎከር አውሮፕላን በፎቶ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀይ እንደነበር የሚያረጋግጡልን በዓይናቸው ያዩት ምስክሮችና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1918 ሲወድቅ ወታደሮች ለማስታወሻ ቆርጠው የወሰዱት የሸራ ቁራጭ ናቸው።