የቆመ መርከብ ሒሳብ

ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ጂቡቲ ደርሶ መልህቁን ጥሎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። የኪራይ ውሉ ግን ሰዓት እየቆጠረ ነው። ውሉ ላይ ለማራገፊያ የተፈቀደ ጊዜ ተጽፏል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ተከራዩ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለባለመርከቡ ይከፍላል። የእኛ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ዲመሬጅ የሚሉት ይህንን ነው። ቀድሞ ለጨረሰም በብዙ ውሎች ላይ ከባለመርከቡ የሚመለስለት ገንዘብ አለ። የኮንቴይነር ነጋዴም ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል፤ እሱ ዘንድ ቀኑ የሚቆጠረው በሳጥኑ ላይ ነው።

ይህን ሒሳብ ሥራዬ ብሎ የያዘ የጥናት ዘርፍ አለ፤ የባሕር ትራንስፖርት ኢኮኖሚክስ ይባላል። ጽሑፎቹን ያገላበጠ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር፣ ስለ መርከብ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ስለ መጠበቅም ብዙ መጻፉን ነው። የባሕር በር ለሌላት አገር ሰው ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

መሠረቱን ከጣሉት መካከል ሁለቱ ሆላንዳውያን ናቸው። ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1931 የመርከብ ግንባታ ለምን አንዴ እንደሚጦፍ፣ አንዴ እንደሚቀዘቅዝ መረመረ። ኪራይ ሲወደድ ባለሀብቱ ሁሉ መርከብ ያዛል። የታዘዘው ተሠርቶ እስኪያልቅ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ባሕር ላይ ሲወርድ ኪራዩ ይወድቃል። ያኔ የሚያዝ ይጠፋል፣ አሮጌው ተሰባብሮ ለብረት ይሸጣል፣ እጥረት ይመጣል፣ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። ሽንኩርት ተወደደ ብሎ አካባቢው ሁሉ ሽንኩርት ሲተክል፣ ምርቱ በደረሰ ጊዜ ዋጋው የሚወርድበትን ገበሬ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ፣ ሽንኩርቱ በወቅቱ ተሽጦ ሲያልቅ መርከቡ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ገበያ ላይ መቆየቱ ነው።

ቻሊንግ ኮፕማንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 የነዳጅ ጫኝ መርከቦችን ኪራይ አጠና። ሥራ ፈት መርከብ እስካለ ድረስ ጭነት ቢጨምርም ኪራይ እምብዛም አይነቃነቅም። የመጨረሻዋ መርከብ ከተያዘች በኋላ ግን ጥቂት ተጨማሪ ጭነት ዋጋውን ሽቅብ ያስወነጭፈዋል፤ አዲስ መርከብ በአንድ ቀን አይሠራምና። ይህ ትንታኔ ዛሬም ይሠራል። የደረቅ ጭነት ኪራይን የሚለካው የባልቲክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ወደ 11,793 ወጥቶ ነበር፤ የገንዘብ ቀውሱ ንግዱን ሲያቆመው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 663 ላይ ወርዶ ተገኘ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ኮፕማንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በብሪታንያ የንግድ መርከቦች ቢሮ ተቀጥሮ ነበር። የጦርነቱ ጭነት ሚዛን አልነበረውም፤ መርከቦች አንዱ ወደብ ሞልተው ይደርሳሉ፣ ከዚያ የሚጭኑት አያገኙም። ታዲያ ባዶዋ መርከብ ወዴት ትሂድ? ለእያንዳንዷ የሚቀርበውን ወደብ መምረጥ ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዷ ቅርቡን ስትወስድ ሌላዋን ሩቅ ትሰዳለች። ስለዚህ የሁሉም ባዶ ጉዞ አንድ ላይ ተደምሮ የሚያንስበትን ድልድል መፈለግ ነበረበት። ይህ የመርከብ ጣጣ ኋላ ላይ ውስን ሀብትን ለማደላደል የሚያገለግል ሰፊ የሒሳብ ዘዴ ለመሆን በቃ። ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1969፣ ኮፕማንስ ደግሞ በ1975 ለኢኮኖሚክስ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ወደ ወደቡ እንመለስ። ወደብ የሚያስተዳድር ሰው መራገፊያው ባዶ ሲውል ያንገበግበዋል፤ ክሬኑ ሁልጊዜ ቢሠራ ይወዳል። የወረፋ ሒሳብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ መራገፊያ ብቻ ያለው ወደብ ይሁን እንበል፤ መርከቦቹ ያለ ቀጠሮ ይመጣሉ፣ የማራገፊያ ጊዜያቸውም ይለያያል። መራገፊያው ከጊዜው ግማሹን ከተያዘ፣ አንድ መርከብ በአማካይ የሚጠብቀው ማራገፉ የሚፈጀውን ያህል ነው። 80 በመቶ ከተያዘ ጥበቃው የማራገፊያው ጊዜ አራት እጥፍ፣ 90 በመቶ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የመራገፊያው ሥራ ከ80 ወደ 90 በመቶ ቢያድግ ወረፋው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። መራገፊያዎች በርከት ብለው መርከብ ባገኘው ክፍት ቦታ የሚገባ ከሆነ ጥበቃው በጣም ያጥራል። የተጨናነቀ ወደብ ሰነፍ ሠራተኛ ስላለው ብቻ የተጨናነቀ ለሚመስለን ሁሉ ይህ ቁጥር ጥሩ መልስ ነው። ትንሽ ክፍት ቦታ መተው ብክነት አይደለም።

ወረፋው ብቻ ሳይሆን መንገዱም ሒሳብ አለው። ኢኮኖሚስቶቹ ኑኖ ሊማዎና አንቶኒ ቬነብልስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ከአሜሪካዋ ባልቲሞር ተነሥቶ ወደ ተለያዩ አገሮች የሚላክ ባለ አርባ ጫማ ኮንቴይነር ስንት እንደሚያስከፍል መረመሩ። በባሕር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲጨመር ዋጋው 190 ዶላር ገደማ ይጨምር ነበር፤ ያው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በየብስ ሲሆን ግን 1,380 ዶላር ገደማ። ከሻንጋይ ጂቡቲ ያለው ያ ሁሉ ውቅያኖስ፣ ከጂቡቲ ሞጆ ካለው አስፋልት ጋር ሲነጻጸር የርቀቱን ያህል ለምን እንደማያስፈራ ይህ ልዩነት ይናገራል። ዴቪድ ሃምልስና ጌኦርግ ሻውር ደግሞ ጊዜን በገንዘብ ተመኑት፤ ዕቃ በመንገድ ላይ የሚቆይበት እያንዳንዱ ቀን ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ ቀረጥ እንደመጣል ይቆጠራል አሉ።

የዓለም ባንክ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ቴማን፣ ሎሜን፣ ዱዋላን፣ ሞምባሳን፣ ዳሬሰላምንና ደርባንን አይተው የጻፉት መጽሐፍ ከሁሉም ያሳስበኛል። ከደርባን በቀር ዕቃ በአማካይ ሃያ ቀን ገደማ ወደብ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በትልልቆቹ የዓለም ወደቦች ሦስት ወይም አራት ቀን ነበር። የሚጠበቀው መልስ ክሬን አነሰ፣ ቦታ ጠበበ የሚል ነበር። እነሱ ያገኙት ግን መዘግየቱ የሚጠቅማቸው ሰዎች መኖራቸውን ነው። ወደቡን እንደ ርካሽ መጋዘን የሚጠቀም አስመጪ አለ፤ ከማከማቻ ኪራይ የሚያተርፍ የወደብ ድርጅት አለ፤ ተፎካካሪ በሌለበት ገበያ ደግሞ ማንም ለመፍጠን አይገደድም። እንዲህ ያለውን ወረፋ አዲስ ክሬን ብቻውን አይፈታውም።

የኮፕማንስ ባዶ መርከብ እኛ ዘንድ ባዶ ኮንቴይነር ሆና ትመጣለች። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ከምትልከው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሞልቶ የደረሰው ሳጥን ብዙ ጊዜ ቡናም ሰሊጥም ሳይጫንበት ጂቡቲ መመለስ አለበት። ባዶውን የጫነው ከባድ መኪና አዋሽንና ሚሌን አልፎ፣ በጋላፊ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። የዚያ ጉዞ ነዳጅና የሹፌሩ አበል አስቀድሞ በመጣው ዕቃ ዋጋ ውስጥ ገብቷል፤ መርካቶ ላይ ጎማ ወይም ብርድ ልብስ የገዛ ሰው ከፍሎታል።